በጦርነት ዘመን ፍቅርና በቤተሰብ ምስጢር ላይ የተመሠረተ የብዙ ትውልድ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

በጦርነት መካከል የተጀመረን ፍቅርና ከዚያ ፍቅር የተረፈን ምስጢር ሦስትና አራት ትውልድ አሻግሮ የሚተርክ ልቦለድ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚጠይቀው «ምስጢሩ ምን ይሁን?» ብሎ ነው። ጥያቄው መነሣቱ ባይቀርም ቀዳሚ ሊሆን ግን አይገባም። ያልተነገረ ልጅ፣ የተለወጠ ስም፣ ሞተ ተብሎ ሌላ አገር የኖረ ሰው፣ ለጠላት ያደረ ወንድም፤ የዚህ ዘርፍ አንባቢ እነዚህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ ገና በሦስተኛው ምዕራፍም ይገምታቸዋል። አንባቢን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዞት የሚዘልቀው አንዲት ሴት በሃያ ዓመቷ የደበቀችውን ነገር በአርባ ዓመቷም፣ በስድሳ ዓመቷም፣ በዘጠና ዓመቷም ለመደበቅ በየዘመኑ አዲስ ምክንያት ማግኘቷ ነው። ምስጢሩ የአንድ ወቅት ድርጊት ነው፤ ዝምታው ግን በየቀኑ የሚታደስ ውሳኔ ነው። ልቦለዱ መጻፍ ያለበት ስለዚህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎችም ሁሉ የሚነሡት ከዚሁ እምነት ነው።

ምክሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ማሳያ ታሪክ ይዘን እንሄዳለን። ቦታው እንግሊዝ፣ ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1944 የጸደይ ወራት አንዲት የሃያ ዓመት እንግሊዛዊት ወደ ፈረንሳይ ለመሻገር ትእዛዝ ከሚጠባበቀው የአሜሪካ ጦር ውስጥ ከሚያገለግል ጥቁር ወታደር ጋር ትዋደዳለች። ትጸንሳለች፤ ሕፃኗም በጃንዋሪ 1945 ተወልዳ ለሕፃናት ማሳደጊያ ትሰጣለች፤ በኋላም በሌላ ቤተሰብ በማደጎ ታድጋለች። እናቲቱ ከጦርነቱ በኋላ ሌላ ሰው አግብታ ወንድ ልጅ ትወልዳለች። ለባሏም ሆነ ለልጇ ስለ መጀመሪያዪቱ ልጅ አንዲት ቃል ሳትናገር ትኖራለች።

ደረጃ 1፦ ዝምታው ለምን እንደ ጸና በዘመን እየከፈሉ መጻፍ

በመጀመሪያ ፍቅረኞቹን የለያያቸው ምን እንደ ሆነ ይወሰን። ብዙ ረቂቆች እዚህ ላይ ጨካኝ እናት ወይም ቀናተኛ ተቀናቃኝ ይፈጥራሉ። ጦርነት ግን ሰዎችን የሚለያየው አብዛኛውን ጊዜ በደንብና በትእዛዝ ነው፤ ደንቡን የሚያስፈጽመው ሰውም ተግባሩን ፈጽሞ እራቱን በልቶ የሚተኛ ተራ ሰው ሊሆን ይችላል። በማሳያችን ዘመን አንድ አሜሪካዊ ወታደር በባሕር ማዶ ለማግባት የአዛዡን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ጥቁር ወታደር ነጭ እንግሊዛዊት ላግባ ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ መልሱ እንቢታ እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነበር። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በነጭና በጥቁር መካከል የሚፈጸም ጋብቻ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ጸንቶ የቆየውን ይህን ክልከላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው ጁን 12 ቀን 1967 ነው። በብሪታንያ ከጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች የተወለዱ ልጆች ቁጥር ወደ 2,000 እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ያደጉት በማሳደጊያ ተቋማት ነው። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ ክፉ ሰው መፍጠር አያስፈልገውም፤ አንድ ፊርማ የተነፈገው ማመልከቻ ይበቃዋል።

ቀጥሎ አንድ ነጭ ወረቀት ይዘጋጅና ለእያንዳንዱ አሥርተ ዓመት «ዛሬ ለምን አትናገርም?» የሚለው ጥያቄ ይመለስበት። በ1945 የምትፈራው የወላጆቿን ኀፍረትና የመንደሩን አፍ ነው። በ1950ዎቹ ወላጆቿ ቢሞቱ እንኳ ምንም የማያውቅ ባል አላት፤ ያኔ የምትጠብቀው ትዳሯን ነው። በ1975 በእንግሊዝ የወጣው ሕግ በማደጎ ያደጉ ሰዎች ለአካለ መጠን ሲደርሱ የመጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን የማግኘት መብት ሰጣቸው፤ ከዚህ በኋላ ፍርሃቷ መልኩን ይለውጣል። እስከዚያ ድረስ «ሰው ይነግርብኝ ይሆን?» ስትል የኖረች ሴት አሁን «ራሷ ብትመጣስ?» ማለት ትጀምራለች፤ ይህም በውስጡ ተስፋ ያዘለ ፍርሃት ስለ ሆነ ከቀድሞው ይከብዳል። በመጨረሻ ባሏ ሲሞት፣ መንደሩም ሲለወጥ፣ ዘመኑም እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ነውር መቁጠሩን ሲተው፣ ከአንድ ምክንያት በቀር የሚቀር የለም። እርሱም እውነቱን መናገር ማለት ለልጇ «ስድሳ ዓመት ሙሉ ዋሸሁህ» ማለት መሆኑ ነው። ከሁሉም የሚበረታው ይህ የመጨረሻው ምክንያት ነው፤ ዝምታው በራሱ ዕድሜ ብቻ ቆሞ መሄድ የሚችልበት ነጥብ ላይ ደርሷልና።

ይህን ወረቀት ሳይጨርሱ ምዕራፍ አንድን መጀመር አይገባም። ለአንዱ አሥርተ ዓመት ምክንያት ከጠፋ አንባቢውም በዚያው ዘመን «ታዲያ ለምን አልነገረቻቸውም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ የሚመጣ የትኛውም ውብ ዓረፍተ ነገር አይመልሰውም።

ደረጃ 2፦ የዕድሜ ስሌት

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ሆኖም ብዙ ረቂቆች የሚፈርሱት እዚሁ ላይ ነው። የማሳያችን አያት በ1924 ተወለደች፤ የደበቀቻት ልጇ በ1945፣ ወንድ ልጇ በ1951፣ የእርሱም ልጅ በ1982 ተወለዱ። የአሁኑ ጊዜ ትረካ በ2014 ቢቆም አያት 90፣ የተደበቀችው ልጅ 69፣ ወንድ ልጅ 63፣ የልጅ ልጅ 32 ዓመት ይሆናቸዋል። የአሁኑ ጊዜ በ2025 ቢሆን ግን አያት ከመቶ ዓመት በላይ ስለሚሆናት ወይ ሞታ ትገኛለች፣ ወይ ትረካው ሌላ ሰው ይፈልጋል።

የአሁኑ ጊዜ የሚቆምበት ዓመት ምስጢሩ በምን መንገድ ሊገለጥ እንደሚችልም ይወስናል። ዘመድን ለማገናኘት የሚደረገው የዲኤንኤ ምርመራ በሰፊው የተለመደው ከ2010 ወዲህ ነው፤ ታሪክዎ በ1995 የሚቆም ከሆነ ገጸ ባሕርይዎ በደብዳቤና በመዝገብ ቤት ትፈልግ። ምርመራውም ቢሆን የሚናገረው በጥርጣሬ ነው። የልጅ ልጅዋ በ2014 ብትመረመር፣ የአባቷ የእናት ልጅ ከሆነችው አክስቷ ጋር በአማካይ 12.5 በመቶ ያህል ዲኤንኤ ትጋራለች፤ ይህ መጠን ከአንድ የአጎት ልጅ ጋር ከሚጋሩት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ውጤቱ «የአጎት ልጅ» ብሎ ቢገምትላት በታወቁ ዘመዶቿ መካከል ለወራት በከንቱ ትፈልጋለች፤ ምናልባትም ባልበደለ አጎት ላይ ጥርጣሬ ትጥላለች። እንዲህ ያለ ስሕተት ከልቦለዱ ሴራ (ከድርጊቶቹ ሰንሰለት) ጋር በተፈጥሮ የሚዋሐድ በመሆኑ ጸሐፊው በግድ ከሚያስገባው መሰናክል እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ውሳኔን የሚለውጥ መረጃ መፈለግ

ስለ ዘመኑ የሚደረገው ጥናት መጨረሻ ስለሌለው መስፈርት ያስፈልገዋል። እኔ የምመክረው መስፈርት አንድ ነው፦ መረጃው አንድ ገጸ ባሕርይ ያደረገውን ወይም ያላደረገውን ነገር የማይለውጥ ከሆነ በማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቅር።

በ1944 የበጋ ወራት ብሪታንያ ሰዓቷን ከግሪንዊች መደበኛ ሰዓት ሁለት ሰዓት ወደ ፊት አስቀድማ ነበር። በዚህ ምክንያት በሜይ አጋማሽ በደቡብ እንግሊዝ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ይህ ለሁለቱ ፍቅረኞች ምን ማለት እንደ ሆነ ይታሰብ፦ በፊልም እንደለመድነው ጨለማን ተገን አድርገው ሊገናኙ አይችሉም፤ ሥራ ጨርሰው፣ እራት በልተው፣ ወታደሩም ወደ ጦር ሠፈሩ የሚመለስበት ሰዓት እስኪቃረብ ድረስ መንገዱ በብርሃን ተጥለቅልቋል። ስለዚህ እርሷ ብስክሌቷን እየገፋች ሃያ እርምጃ ያህል ትቀድማለች፤ እርሱ ከኋላ ይከተላል፤ ሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጣ ብስክሌቱ እንደ ተበላሸ ሁሉ ታጎነብሳለች፤ እርሱም እንደማያውቃት አልፏት ይሄዳል። ይህን ትዕይንት የወለደው ስለ ሰዓት የተገኘው መረጃ ነው፤ በትዕይንቱ ውስጥ ግን ስለ ሰዓት አቆጣጠር አንድም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ብርሃኑ አልጠፋ ማለቱ ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው መረጃ ከዚህ ይከብዳል። በፈረንሳይ የኖርማንዲ ጠረፍ ላይ ጁን 6 ቀን ከተደረገው ወረራ በፊት፣ በሜይ መጨረሻ፣ የዘማቾቹ ጦር ሠፈሮች ተዘግተው ነበር፤ ወታደር መውጣትም ሆነ ከውጭ ሰው ጋር መገናኘት አይፈቀድለትም። ሕፃኗ በጃንዋሪ ስለምትወለድ እናቲቱ መጽነሷን መጠርጠር የምትጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። በቀጠሮው ቦታ ልትነግረው ትመጣለች፤ እርሱ አይመጣም። ለምን እንዳልመጣ ደግሞ ልታውቅ አትችልም።

ሦስተኛው መረጃ የተቃጠለ ነገር ነው። ጁላይ 12 ቀን 1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የወታደር መዝገብ ቤት በተነሣው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ወድመዋል፤ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ ውስጥ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ጠፍቷል። የተደበቀችው ልጅ አባቷን ለመፈለግ ብትጽፍ የምታገኘው መልስ ይህ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊዎች ፍለጋን ለማራዘም ሰነድ በአጋጣሚ እንዲጠፋ ያደርጋሉ፤ ታሪክ ራሱ ያጠፋው ሰነድ እያለ ይህ አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ፍቅሩን ከመለያየቱ ውጭ መቆም እንዲችል አድርጎ መሥራት

ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያሉ ልቦለዶች ፍቅሩ የሚኖረው ሊጠፋ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ይተያያሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ይለያያሉ፣ አንባቢም እንዲያለቅስ ይጠበቃል። አንባቢ ግን ያላወቀውን አይናፍቅም። ስለዚህ ጦርነቱ ነገ ቢያልቅና ሁለቱም በሰላም ቢጋቡ በምን ይስማሙ፣ በምን ይጨቃጨቁ እንደነበር አስቀድሞ መወሰን ይገባል። እርሱ እጁ ሥራ የማይፈታ፣ የተበላሸ ነገር ሲያይ ካልጠገነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ይሁን፤ እርሷ ደግሞ ያልጠየቀችውን እርዳታ የምትጠላ ትሁን። የብስክሌቷን ፍሬን ሳያስፈቅዳት መጠገን ሲጀምር የመጀመሪያ ጠባቸው ይነሣል። ይህ ጠብ ከማንኛውም የፍቅር ንግግር ይልቅ ያስተዋውቃቸዋል፤ ፍሬኑም ሳይጠናቀቅ መቅረቱ በኋላ ያስፈልገናል።

ደረጃ 5፦ አንድን ሰነድ ሁለት ጊዜ ማስነበብ

በሣጥን ውስጥ የተገኘ፣ ሁሉንም ነገር በዝርዝር የሚናገር የዕለት ማስታወሻ ለጸሐፊው ምቾት ይሰጣል፤ ልቦለዱን ግን ይገድላል፤ ከእርሱ በኋላ ለገጸ ባሕርያቱ የሚቀር ሥራ የለምና። የተሻለው መንገድ ጥቂት ነገር ብቻ የሚናገር፣ በተለያየ ዘመን በተለያየ ሰው ሲነበብ ግን የተለያየ ትርጉም የሚሰጥ ሰነድ መሥራት ነው። ደብዳቤ ለዚህ የተመቸ ነው።

እርሱ ከሠፈሩ የሚጽፈው የመጨረሻ ደብዳቤ በመጀመሪያ ረቂቅ ላይ እንዲህ ሊመጣ ይችላል፦

«ውዴ፣ ሠፈራችን ስለ ተዘጋ መጥቼ ልሰናበትሽ አልቻልሁም። አዛዡም ጥቁር በመሆኔ የጋብቻ ፈቃድ ከልክሎኛል። በቅርቡ ወደ ፈረንሳይ እንሻገራለን። እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳሽም።»

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለእርሷ ሳይሆን ለአንባቢ ነው። ከዚያም በላይ ሊላክ አይችልም ነበር፤ በአሜሪካ ጦር የተራ ወታደሮችን ደብዳቤ የሚመረምሩት የራሳቸው ክፍል መኮንኖች ነበሩ፤ ስለ ቦታና ስለ ጉዞ መጻፍም ክልክል ነበር። ፈቃዱን ከነፈጉት መኮንኖች አንዱ ደብዳቤውን ከእርሷ በፊት ሊያነበው እንደሚችል ወታደሩ ያውቃል። ይህን እያወቀ የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ነው፦

«የብስክሌትሽን ፍሬን ሳልጨርስ ቀረሁ። ገመዱን ወንድምሽ ይቀይርልሽ፤ እስኪቀየር ድረስ ቁልቁለቱን አትውረጂበት። የጠየቅሁትን በተመለከተ የገመትነው ሆነ። ደኅና ሁኚ።»

እርሷ በጁን 1944 ይህን ስታነብ የቀዘቀዘ ሰው የጻፈው የስንብት ወረቀት ሆኖ ታገኘዋለች፤ «የገመትነው ሆነ» የሚለውንም «እዚህ ላይ ይብቃን» ብላ ትረዳዋለች። ዕድሜዋን በሙሉ እንደ ተናቀች አምና ትኖራለች፤ ዝምታዋን ካጸኑት ምክንያቶችም አንዱ ይህ ነው። የልጅ ልጇ ሠፈሮቹ ተዘግተው እንደ ነበርና ደብዳቤዎቹን ማን ያነብባቸው እንደ ነበር ካወቀች በኋላ ያንኑ ወረቀት ስታነብ ግን ሌላ ሰው ታገኛለች፤ ስሜቱን ሊገልጥ በማይችልበት ቦታ ላይ ሆኖ አንገቷ እንዳይሰበር የተጨነቀ ሰው። በልቦለዱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መገለጥ አያስፈልግም ብዬ አስባለሁ።

ደረጃ 6፦ ሁለቱን ዘመናት ማፈራረቅ

ያለፈውንና የአሁኑን ጊዜ ምዕራፍ በምዕራፍ በእኩል መጠን ማፈራረቅ የተለመደ ቢሆንም ግዴታ አይደለም። ያለፈው ዘመን ሲበረታ ሦስት ምዕራፍ ተከታትሎ ይሂድ፤ የአሁኑ አንድ ገጽ ሲበቃው አንድ ገጽ ይሁን። መጠበቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር አንባቢ ገና ያገኘውን መልስ የሚያናጋ ይሁን። በአሁኑ ጊዜ ልጁ «እናቴ ማንንም ወድዳ አታውቅም» ብሎ ምዕራፉ ካበቃ፣ ቀጣዩ ምዕራፍ በብርሃን መንገድ ላይ ብስክሌት የምትገፋውን ልጅ ቢያሳይ ሽግግሩ ሥራውን ሠርቷል። ምዕራፍን በጩኸት ወይም በተከፈተ በር ላይ ቆርጦ መተው ግን ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ይሰለቻል።

ምስጢሩ ለአንባቢ መቼ ይገለጥ? ብዙዎች እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ያቆዩታል፤ እኔ ግን ከመጽሐፉ አጋማሽ ባያልፍ እመርጣለሁ። አንባቢ ገጸ ባሕርያቱ የማያውቁትን ሲያውቅ ልብ ሰቀላው አይጠፋም፤ ዓይነቱን ይለውጣል። «ምን ተደብቆ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በአንድ መልስ ይሞታል፤ «ዛሬ ትነግረው ይሆን?» የሚለው ግን እናትና ልጅ አብረው በተቀመጡ ቁጥር እንደገና ይነሣል።

ስለ መካከለኛው ትውልድ አንድ ነገር አጥብቄ ማለት እፈልጋለሁ። የእነዚህ ልቦለዶች ትኩረት በአያትና በልጅ ልጅ ላይ ይሆንና መካከል ላይ ያለው ልጅ ስልክ ለማንሣትና ለመቆጣት ብቻ ይመጣል። ዝምታው ግን በዋነኛነት ያሳደገው እርሱን ነው። ምክንያቱን በማያውቀው ሐዘን ውስጥ ያደገ፣ እናቱ ስታቅፈው ሌላ ሰው የምታስብ የሚመስለው፣ ጥፋቱ የእርሱ እንደ ሆነ በልጅነቱ የደመደመ ሰው ነው። የልጅ ልጅዋ ምስጢሩን ስታገኝ እንደ ታሪክ ልትማረክበት ትችላለች፤ እርሱ ግን ልጅነቱን እንደገና ማንበብ ይኖርበታል። ከመጽሐፉ ሲሶ ያህሉ የእርሱ ቢሆን አይበዛበትም።

ደረጃ 7፦ ዝምታን በልማድና በንግግር ማሳየት

የተደበቀ ነገር በሰው አካል ላይ ምልክት ይተዋል፤ ንግርን፣ ማለትም በኋላ የሚገለጠውን ነገር አስቀድሞ በምልክት መጠቆምን፣ ለመጠቀም የሚመቸውም እዚህ ላይ ነው። የ1975ቱ ሕግ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ አያት ፖስተኛው ሲመጣ ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ መገኘት ትጀምራለች። ልጇ ልማዱን ያስተውላል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ግን አይመረምርም። ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጇ ልትረዳት ስትነሣ እንዲህ ይባባላሉ፦

«እማማ፣ ደብዳቤውን እኔ ላንሣልዎት?»

«ተይው።»

«ጉልበትዎን ያምዎታል እኮ።»

«ደብዳቤውም የእኔ ነው፤ ጉልበቱም የእኔ ነው።»

አያት ውሸት አልተናገረችም፤ ስለ ልጅም አላነሣችም። አንባቢ በመጀመሪያ የሚሰማው የግትር አሮጊት መልስ ነው፤ ሕጉን ካወቀ በኋላ ግን ለአርባ ዓመት ያህል ሲጠበቅና ሲፈራ የኖረ ደብዳቤ እንዳለ ይረዳል። በንግግር ውስጥ «አንድ ቀን ሁሉንም እነግርሻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጣ ይሰረዝ፤ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ምስጢር እንዳለው አያስታውቅም።

ደረጃ 8፦ መገለጡና ከመገለጡ በኋላ ያለው

ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ክፍል ሰብስቦ ምስጢሩን በአንድ ንግግር መግለጥ ለመድረክ ይመች ይሆናል፤ ለልቦለድ ግን እምብዛም አይሆንም። እያንዳንዱ ሰው በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሰው አፍ፣ በተለያየ መጠን ይስማው። የልጅ ልጅዋ ከአባቷ በፊት ካወቀች እርሷም ለተወሰኑ ሳምንታት ምስጢር ጠባቂ ትሆናለች፤ አያቷን በቅጡ የምትረዳትም በእነዚያ ሳምንታት ነው፤ ነገ እነግረዋለሁ እያለች ስታሳድር ለራሷ የምትሰጠውን ምክንያት ትሰማለችና። በዚህ መንገድ ዝምታው ራሱ ወደ ሦስተኛው ትውልድ ይወርዳል።

ከመገለጡ በኋላ ቢያንስ የመጽሐፉን አንድ አምስተኛ መተው ይገባል። ይቅርታው ፈጥኖ አይምጣ፤ ከሁሉም ሰው አይምጣ። ልጁ እናቱን ይቅር ሳይል ሊያስታምማት ይችላል፤ ይህም ከመተቃቀፍ የበለጠ እውነት አለው።

የመጨረሻው ሥራ ረቂቁ ሲያልቅ የሚደረግ ንባብ ነው። የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ምዕራፎች ብቻ ለይቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የዕድሜና የዓመት ስሕተትም፣ ያለምክንያት የተለወጠ ጠባይም በዚህ ንባብ ይጋለጣል። የተደበቀችውን ልጅ ምዕራፎች ሲያነብቡ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይደረግ። እርሷ 69 ዓመት የራሷን ሕይወት የኖረች ሴት ናት፤ ጥቁር ልጅ ሆና በነጭ አገር ያደገች፣ የሠራች፣ ምናልባትም የራሷ ልጆች ያሏት። ለሌላ ቤተሰብ እንቆቅልሽ መልስ ሆና ብቻ ከመጣች መጽሐፉ ያንኑ የመጀመሪያ በደል ደግሞባታል ማለት ነው። ስለዚህ ወላጆቿን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከምዕራፎቿ ለጊዜው ይውጣና የቀረው ይነበብ፤ የራሷ ሥራ፣ የራሷ ጠብ፣ የራሷ ፍላጎት ያላት ሴት እዚያ ከሌለች፣ ወደ አርትዖት ከመሄድ በፊት ምዕራፎቿ እንደ አዲስ ይጻፉ።